አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት ቤት

ውብነሽ የእናቷን ካልሲ አውልቃ ተረከዛቸውን እያገላበጠች አየች። ቁስል የለም። ጥፍራቸውን አየች፤ በሥርዓት ተቆርጧል። አንገታቸውን አሸተተች፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንሶላውን ገልጣ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ በዚያ ሁሉ ትራፊክ የመጣችው አንድ ጉድ አገኛለሁ ብላ ነበር። ምንም ስታጣ ጭራሽ ባሰባት።

"ምን ጠፋብሽ?" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች፣ እግራቸውን ወደ ካልሲው እየመለሱ።

"ምንም አልጠፋብኝም እማዬ።"

"እንግዲያው አትበርብሪ። የሰው ቤት ነው።"

ባለፈው ሳምንት ነው ከዚህ የመርሳት ሕሙማን መጠበቂያ ኮል ያደረጉላት። እናትሽ ምግብ እምቢ ብለዋል፣ ክብደታቸው እየወረደ ነው፣ በሽታው ሲጸና እንዲህ ነው፣ ሆስፒስ ብታስቡበት ይሻላል አሏት። ድምፃቸው እንዴት ለስላሳ ነበር መሰላችሁ! ውብነሽ ግን የስኩል ባስ ሹፌር ናት፤ በለስላሳ ድምፅ የሚነገር ክፉ ነገር ከወላጆችም ከአለቆችም ለምዳዋለች። ሆስፒስ ማለት፣ አሳምረው ቢጠሩትም፣ አልበላም ካለች ተዉአት፣ ሳትሰቃይ በሰላም ትሂድ ማለት ነው። ወንድሟ ደምሴ ደግሞ ሊፈርም ተዘጋጅቷል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሚቲንግ አለ፤ ውብነሽ የጠዋቱን ልጆች አድርሳ፣ የከሰዓቱን ተራ ለባልደረባዋ ሰጥታ፣ ቁርስ እንኳን ሳትቀምስ ቀድማ ደርሳለች።

ቤቱን የመረጠው ደምሴ ነው። ደምሴ ቤት ሻጭ ነውና ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው መግቢያውን ነው። መግቢያው ደግሞ ሌላ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚፈስ ውሃ፣ ማንም ሳይነካው የሚጫወት ፒያኖ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የኩኪ ሽታ። ውብነሽ ግን ኩኪውን የበላ ሰው አይታ አታውቅም።

"ምሳ ደርሷል" ብላ ግሬስ በሩን ቆረቆረች። ግሬስ ጋናዊት ናት፤ በዚህ የሕንፃው ክንፍ ያሉትን የምትንከባከበው እሷ ነች።

ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ መመገቢያው ሄዱ። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጫማቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ውብነሽ አቀማመጣቸውን ልብ ብላ ብታየው ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ በገባት ነበር። እሷ ግን የምታየው ግሬስን ነው።

ግሬስ ዶሮና የተፈጨ ድንች ያለበትን ሳህን አስቀመጠች። "ምሳ ይበላሉ ማማ?"

ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። "ኖ፣ ታንክ ዩ። ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት።" የመጨረሻውን በአማርኛ ነው ያሉት።

"ኦኬ ማማ፣ ኖ ፕሮብለም" ብላ ግሬስ ሳህኑን አነሳችው።

"ወዴት ነው የምትወስጂው?" ውብነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አልፈልግም አሉ እኮ። መብታቸው ነው።"

"ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው! ትናንት የበላችውን የማታስታውስ ሰው ስለ ረሃቧ መብት አላት?"

"ብገፋፋቸው ራይት አፕ ተደርጌ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍብኝ እኔ ነኝ" አለች ግሬስ፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሳህኑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። "ልጃቸው ነሽ፣ አንቺ አብያቸው!"

ውብነሽ ማንኪያውን ሞልታ ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች። "እማዬ፣ እንኪ። በሞቴ!"

ወይዘሮ አሰለፈች ፊታቸውን አዞሩ። የተቆጡ ናቸው፤ ግን በሹክሹክታ። "ምን ነካሽ አንቺ? በእንግድነት መጥተሽ በሰው ገበታ ታዣለሽ? ስድ! አታሳፍሪኝ።"

"ምን እንግድነት ነው የምታወሪው?"

"አስቀምጪው አልኩሽ!"

ማንኪያው ተመለሰ። ግሬስ "አየሽ?" የሚል ፊት አሳይታ ሳህኑን ወደ ምግብ ጋሪው ወሰደችው። የወይዘሮ አሰለፈች ዓይን ሳህኑን ተከትሎ እስከ ጋሪው ድረስ ሸኘው። ውብነሽ ይህን አየች፤ አይታም በራሷ መንገድ ተረጎመችው። አስፈራርተዋታል! እየራባት አፏን የምትዘጋው ፈርታቸው ነው! ደሟ ፈልቶ ወደ ቢሮው ሄደች።

የቤቱ ኃላፊ ሚስ ዳውሰን ሳንድዊች የተደረደረበት ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀርባለች። ደምሴ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ እስክሪብቶውን የሆስፒሱ ወረቀት ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሏል።

"መጥተሽ ከሠራተኛ ጋር ተጣላሽ አሉ" አለ በአማርኛ፣ ለኃላፊዋ እየሳቀላት።

"ምሳ ሰዓት ላይ መጣሁ። አንተ መጥተህ የማታውቅበት ሰዓት።"

"ጀመርሽ!"

"እሁድ እሁድ አበባ ይዘህ ብቅ ትላለህ። አበባ ይበላል?"

"አንቺ ጋ በነበረች ጊዜ ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት በሌሊት ልብሷ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ ነው ያገኛት። እኔ አበባ አምጥቼ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው?"

ይህ ውብነሽን አንጀቷ ድረስ ወጋት። የዚያን ዕለት ባስ እየነዳች ነበር፤ በሩን ቆልፋ ነበር፤ በሩን ከውስጥ መክፈት እናቷ አልረሱም ነበር። ደምሴ ሲጨንቀው ሁልጊዜ ይህችን ያወጣል። አሁንም አወጣት።

ሚስ ዳውሰን አማርኛ ባትችልም ጠብ ታውቃለች። ጉሮሮዋን አጸዳች። የእኛ ቤት አምስት ኮከብ ነው፣ ተቆጣጣሪዎች አንድም ጉድለት አላገኙብንም፣ እኛ የነዋሪዎቻችንን ምርጫ እናከብራለን አለች።

"አስፈራርታችኋታል" አለቻት ውብነሽ።

"ማንም አላስፈራራቸውም። በየምሳው በየራቱ በትሕትና ይጠየቃሉ፤ በትሕትና አይ ይላሉ።" ሚስ ዳውሰን ትሪውን ገፋ አደረገችው። "ኑ፣ በባዶ ሆድ አንነጋገር። ሳንድዊች ትወስጃለሽ?"

ውብነሽ ሆዷ ከተጣበቀ ቆይቷል። የቱርክ ሥጋውና ቺዙ ከዳቦው ወጥቶ ይታያታል። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ኖ፣ ታንክ ዩ። በልቼ ነው የመጣሁት።"

ትሪው ወደ ደምሴ ዞረ። "ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ፋይን" አለ ደምሴ፣ ሁለት እጁን እያውለበለበ።

"ኦኬ" አለች ሚስ ዳውሰንና ትሪውን ወደ ራሷ ስባ የራሷን ገመጠች።

ውብነሽ ትሪውን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ደነገጠች። እጇ አሁንም ደረቷ ላይ ነው።

ልጅ እያለች፣ አዲስ አበባ፣ ጎረቤት ሄደው ባለቤቲቱ "ዳቦ ልቁረስልሽ?" ስትላት "እሺ" ብላ ነበር። እናቷ ከጠረጴዛው ሥር ጭኗን በሁለት ጣት ይዘው የቆነጠጧት ቁንጥጫ! ቤት ሲደርሱም አልበረደላቸውም ነበር። "አንዴ ስለጠየቁሽ እሺ ትያለሽ? ያላበላሁሽ ላስመስል? እምቢ ትያለሽ፤ ደግመው ይጠይቁሻል፤ አሁንም እምቢ ትያለሽ። በሞቴ ሲሉሽ ያኔ ትቀምሻለሽ።" ወይዘሮ አሰለፈች የልጆቻቸውን ስም እየረሱ ነው። ይህችን ግን አልረሱም።

"ደምሴ፣ ርቦሃል?"

"ምን?"

"ርቦሃል ወይ ነው የምልህ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ቤት ሳሳይ ነው የዋልኩት፤ ምን ቀምሼ?"

"ታዲያ ለምን አይ አልካት?"

"እንዴ፣ አንዴ ስለጠየቀችኝ ዘልዬ ላነሳ..." አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"እማዬ እንግድነት የመጣች ነው የሚመስላት" አለች ውብነሽ። ልታለቅስ ነው፤ ማልቀሷም አናደዳት። "ስንት ወር ሙሉ ብዪ እስኪሏት እየጠበቀች ነው። እየራባት!"

ለሚስ ዳውሰን በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ደግማችሁ ጠይቋት፣ ቁጭ ብላችሁ ለምኗት አለች። ሚስ ዳውሰን አዘነች፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነዋሪ እምቢ ካለ በኋላ መገፋፋት በሕጉ እንደ ማስገደድ ይቆጠራል፣ ሠራተኞቼን እንዲህ አድርጉ ብዬ ማዘዝ አልችልም አለች።

"ለእንግዳ ሁለቴ ይብሉ ማለት ማስገደድ ነው?"

"እዚህ አዎን።"

"እንግዲያው ውሰጃት!" አለ ደምሴ በአማርኛ፣ ንዴቱ ተመልሶ። "ያቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ወይዘሮ ስሂን ጋ ውሰጃት። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ውብነሽ የወይዘሮዋን ቤት ቅዳሜ ዕለት ሄዳ አይታው ነበር። በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ መጠበቂያ ነው፤ አማርኛ ይወራል፣ ወጥ ይሸታል፣ ልቧ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አገጫቸው ተይዞ፣ "ክፈቱ! ክፈቱ እንጂ!" እየተባሉ ማንኪያ በላይ በላዩ ሲከተትባቸው አየች። ሽማግሌው ጉንጫቸው ሞልቶ ዓይናቸው ይንከራተት ነበር። እዚያ ቤት ጭራሽ አይጠይቁም። እዚህ ቤት አንዴ ብቻ ይጠይቃሉ። ከሁለቱ ምረጪ ቢሏት ምን ትምረጥ?

"ተነስ" አለችው። "ና አብረን እንሂድ። አንተ ሱፍ ለብሰሃል።"

"ሱፉ ምን አገባው?"

"ባለቤት ትመስላለህ። እኔን እንግዳ ነሽ ብላኛለች።"

ወይዘሮ አሰለፈች ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ሌሎቹ በልተው ተነስተዋል፤ እሳቸው ቦርሳቸውን እንዳቀፉ ናቸው። ደምሴን ሲያዩ ብድግ ለማለት ሞከሩ።

"ጌታው፣ ቤቱ የእርስዎ ነው?" አሉት። "እግዜር ይስጥልን። ጥሩ ቤት ነው። እኛ እንግዲህ እንሂድ፣ መሸብን።"

ደምሴ ፊቱ ጠቆረ። ወደ እህቱ ዞረ፤ ውብነሽ ከጋሪው ሳህኑን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ዕድሜ ልኩን አንቺ የሚላቸውን እናቱን አንቱ አላቸው።

"ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም።"

"ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት።"

"እሺ" አለ ደምሴና ሳህኑን ሊመልስ ሲል ውብነሽ ቁርጭምጭሚቱን በጫማዋ አለችው። "ኧረ ይብሉ እንጂ እናቴ! ቤቴ መጥተው?"

"አይ፣ አይቸገሩ፤ ጠግቤያለሁ።"

"አፈር ስሆን!" አለ ደምሴ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። "አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ። ካልበሉልኝ እኔም አልበላ።"

ወይዘሮ አሰለፈች ተነፈሱ። ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንስተው ከጎናቸው አስቀመጡ። "እንግዲህ እንዲህ ካሉማ፣ ለመቅመስ ያህል" አሉ።

ለመቅመስ ያህል ዶሮውን በሉ፣ ድንቹን በሉ፣ ውብነሽ ከጋሪው ያመጣችላቸውን ሾርባ ጠጡ፣ ዳቦ በሳህኑ ላይ አዙረው ጠረጉ። ደምሴ እያያቸው በሱፉ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ውብነሽ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ዓመድ ሆነች። ስንት ምሳ ነው እንዲህ ሲመለስ የኖረው?

ግሬስ ጋሪዋን ልትወስድ መጥታ ባዶውን ሳህን አየች። "በሉ?"

"በሉ። ደጋግሞ ጠየቃቸው" አለች ውብነሽ።

"እኔ ብጠይቅስ?" ግሬስ ወደ መመገቢያው የመስታወት በር አየች፤ ሚስ ዳውሰን እጆቿን አጣምራ ቆማለች። "ሥራዬን ባጣ አንቺ ትከፍይኛለሽ?"

ግሬስ የውብነሽን መልስ አልጠበቀችም፤ ከጋሪው የተረፈ ሳህን አንስታ፣ በጥላቻም በትዝብትም አየት አደረገቻትና ጠየቀቻት። "አንቺስ? ፊትሽ ገርጥቷል። አንድ ምሳ ተርፏል፤ ትበያለሽ?"

ውብነሽ "የስ" ልትል አፏን ከፈተች። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ጣቶች ጭኗን ያዙና ቆነጠጧት።

እናቷን አየች። ወይዘሮ አሰለፈች ወደ ግሬስ እየሳቁ ናቸው፤ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። ጣታቸው ግን አልላላም።

"ኖ፣ ታንክ ዩ" አለች ውብነሽ። "በልቼ ነው የመጣሁት።"

ግሬስ ሳህኑን አነሳች። ወደ ጋሪው ዞረች። ከዚያ የወይዘሮ አሰለፈችን ባዶ ሳህን ደግማ አየችው፤ የመስታወቱን በር አየች፤ ጥርሷን በንዴት መጠጠችና ተመልሳ ሳህኑን ውብነሽ ፊት አስቀመጠችው። ወንበር ስባም ተቀመጠች።

"ፕሊስ" አለች። "ለእኔ ስትይ።"

"ደምሴ፣ ያን ወረቀት ሳትፈርም መልስላቸው" አለች ውብነሽ በአማርኛ፣ ዓይኗን ከግሬስ ሳትነቅል።

"እሺ። ብዪ እንጂ ታዲያ፣ ጠየቀችሽ እኮ!"

"ገና ሁለተኛዋ ናት" አለች ውብነሽ፤ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ "ኖ፣ ሪሊ፣ ጠግቤያለሁ" ብላ ጠበቀች።