ለባክቴሪያ የተቀበረ ገረባ

እና ለእኚያ የጉድጓዱ መንደር እናት ምን ልበላቸው፣ ዝናቡ ነው ልበል፣ ዝናብ ብቻ ነው አዴ ሀምዲያ፣ እንዲህ ብዬ ልጀምር? ከጭሮ መናኸሪያ ከወጣን ጀምሮ የመጀመሪያዋን ቃል እፈልጋለሁ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጫቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቀንበጥ ቀንበጡን ይመርጣል፣ የጫት አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ በጎናችን ያልፋል፣ ጠምቶኛል፣ የያዝኩትን ውሃ በዴሳ ሳንደርስ ጨረስኩት። ደክሞኛል። እንቅልፍ የማይፈታው ድካም።

ኢሜይሉ ዛሬ ጠዋት ነው የገባው፣ የጉድጓዱን ውሃ ከላክንበት የውጭ አገር ላብራቶሪ፣ ሁለት መስመር፣ ውሃውን የበከለው ክሮሚየም፣ የከባዱና የቀላሉ ምጥጥን አልተለወጠም። አልተለወጠም! አለቃዬ ይልቃል ግን ስልክ ላይ ይስቃል፣ አንቺ ደግሞ አይናዲስ አታካብጂ፣ ውሃው ከገደቡ በታች ነው አይደለም እንዴ፣ ነው፣ በቃ ይከፈት። ሪፖርቱንም ጨርሶታል፣ በባክቴሪያ አማካይነት በተከናወነው የማጽዳት ሥራ የክሮሚየም መጠኑ ከተፈቀደው ገደብ በታች መሆኑ ተረጋግጧል፣ እንዴት ያለ ያማረ ዓረፍተ ነገር፣ ሙሉ ውሸት ቢሆን እንኳ ይቀለኝ ነበር፣ ግማሹ እውነት ሆኖ አስቸገረኝ እንጂ።

ይህ አጠገቤ ያለው ሰውዬ። ቀንበጧን ይቀጥፍና ደረቁን ቅጠል ከነእንጨቱ ይጥላል፣ ገረባው እግሬ ሥር ተከምሯል። ይኸው እኮ ነው ነገሩ፣ ለአዴ ሀምዲያም ያስረዳኋቸው በዚሁ ነው፣ ክሮሚየም ቀላልም ከባድም አለው አልኳቸው፣ ባክቴሪያው እንደ ቃሚ ነው፣ ቀላሉን ያስቀድማል፣ ውሃው ውስጥ ከባዱ እየበዛ ይሄዳል፣ ገረባ ካየን ተቅሟል ማለት ነው። ዝናብ ግን አይመርጥም፣ ውሃ ይጨምራል እንጂ፣ ያቀጥነዋል፣ ምጥጥኑ አይለወጥም፣ መርዙ እንዳለ ነው። አዴ ሀምዲያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፣ አቦ! ባክቴሪያም ይቅማል እንዴ፣ ሲመረቅን ታዲያ ማን ይችለዋል።

እኔም ስቄ ነበር። አሁን አያስቅም።

ጉድጓዱን አምና የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ከበላዩ የመኪና ብረት በክሮም ይነክር የነበረ ጋራዥ አለ፣ ባለቤቱ ዘግቶ ከጠፋ ቆይቷል፣ ዝቃጩ ግን የትም አልሄደም፣ ወደ ታች ሰረገ፣ ውሃው ቢጫ ሆነ፣ በቢጫ ጄሪካን ስለሚቀዳ ቢጫነቱን ማን ያያል፣ ስንቱ ጠጣው። ከዚያ ቦይ ይቆፈር አልኩ፣ ባክቴሪያው መርዙን ወደማይጎዳው ዓይነት የሚለውጠው ቀለብ ሲያገኝ ነው አልኩ፣ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ከየት ይመጣል፣ ገረባ እንቅበርለት፣ ገረባ እንደሆነ በየደጁ የተጣለ ነገር ነው። የተጣለ! የካቲት ላይ፣ ሣር በሌለበት፣ ፍየል በምን እንደሚያድር ሳልጠይቅ። አዴ ሀምዲያ በጆንያ እየተሸከሙ አመጡ፣ ፍየሎቻቸው የአጥሩን ቁልቋል ይግጡ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ውሃው ጠራ፣ ሁላችንም ደስ አለን። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸ ነው። አሁን ጥቅምት ነው፣ ጥር ሲመጣ ጉድጓዱ ይጎድላል፣ መርዙ ይወፍራል፣ ቢጫው ይመለሳል፣ ማን ያያል፣ በቢጫ ጄሪካን።

ወራጅ አለ! ገለምሶ ሳልደርስ እዚህ ነው የምወርደው፣ በማሽላው መሀል ያለችውን መንገድ እግሬ ራሱ ያውቃታል። ምን ሰዎች ናቸው እነዚህ? ለምን ተሰበሰቡ? የጉድጓዱ ክዳን ተነሥቷል፣ እኔ ያሰርኩት ሰንሰለት መሬት ላይ ነው፣ የመንደሩ ሼህ ኢዘዲን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን እየጨረሱ ነው፣ አሚን፣ አሚን፣ ይልቃል፣ ይልቃል ደውሎላቸዋል። እኔ ደግሞ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም ብዬ።

መጣች፣ መጣች! አዴ ሀምዲያ ናቸው፣ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንኪ ልጄ፣ ወላሂ ካንቺ በፊት ከንፈሩን ያስነካ የለም፣ ቢሻን፣ ውሃው፣ ያንቺ ነው፣ ቅመሺና እኛም እንጠጣ። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው። የጠራ ነው፣ ጣቴ በወዲያ በኩል ይታየኛል። ይህ አንድ ብርጭቆ ምንም አያደርገኝም፣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከገደቡ በታች ነው፣ ብጠጣው ጥሜን ይቆርጥልኛል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ይልቃል ይስቃል፣ ማንም አልዋሸም። ጥር ላይም ይጠጣሉ፣ አይናዲስ ጠጥታው የለም ወይ ብለው ይጠጣሉ።

አዴ ሀምዲያ፣ አልጠጣውም።

ምነው?

ዝናቡ ነው ያጠራው፣ ባክቴሪያው አይደለም፣ በጋ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ይዘጋ።

አንድ ሕፃን ይነጫነጫል። ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። አዴ ሀምዲያ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ይደፉታል ስል አልደፉትም፣ ይዘውት ቆሙ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ገረባ? በስብሶ ቀረ አዴ። ፍየሎቼ ይበሉት ነበር፣ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔም ያሉት አይመስልም። ቀጥለውም፣ እሱ ሲደውል አንቺም ብትደውዪ ምናለ፣ ዱዓውን ባላስደረግን።

ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ያነሣሉ፣ ወንዝ ድረስ ሊሄዱ ነው፣ እንደ አምናው፣ እኔ ሰንሰለቱን ከመሬት አነሣለሁ፣ ትኩስ ነው፣ ፀሐይ መትቶታል፣ ቁልፉ አልገጥም ይለኛል፣ አፌ ደርቋል፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል፣ ከጭሮ ጀምሮ ጠምቶኛል፣ እሳቸው ቤት ከወንዝ ተቀድቶ የፈላ ውሃ በእንስራ እንዳለ አውቃለሁ፣ በሄድኩ ቁጥር እየቀዱ ያጠጡኝ ነበር፣ ዛሬ ግን በየትኛው አፌ፣ አዴ ሀምዲያ ውሃ ያጠጡኝ ልበላቸው?