ወደ እኔ አትይ

ታፈረ ሰዓሊ ነበር። ከጋይንት እስከ እስቴ ስንት ቤተ ክርስቲያን የእሱን መላእክት በግድግዳው ተሸክሟል። ነገር ግን አንዱ ሥራውን ባመሰገነለት ቁጥር፣ ሌላው ከጎን ሆኖ «ይሁኔ ትምህርቱን ባያቋርጥ ኖሮማ!» ሳይል አይቀርም። ይህን ቃል የሰማ ቀን ታፈረ ብሩሹን ጥሎ ይወጣል።

ሁለቱ ቤተ ልሔም ከአለቃ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሥዕል አብረው የተማሩ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ያደሩ፣ አንድ አኩፋዳ ይዘው የለመኑ ናቸው። አለቃ የታፈረን ሥራ ሲያዩ «ደኅና ነው» ይሉና ያልፋሉ። የይሁኔን ሲያዩ ግን ምንም ሳይሉ ቆመው ይቀራሉ። ታፈረን የፈጀው ያ ዝምታ ነው። በኋላ የይሁኔ አባት ሞቱና፣ ይሁኔ የእናቱን መሬት ሊያርስ አርብ ገበያ ወደሚባለው አገሩ ተመለሰ። ታፈረ በልቡ «ተገላገልሁ» አለ። ቅናት ግን በገዛ እጁ ተኮትኩቶ ያደገ ነገር ነውና ባላንጣው ስለ ራቀለት አይደርቅም።

የጃንሆይ ሰማንያኛ ልደት ሊከበር ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አድማሱ የሚባል መምህር ካሜራ፣ የፊልም ማሳያና የመብራት ሞተር በመኪና ጭኖ ከአዲስ አበባ አርብ ገበያ መጣ። «ፊልም የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ ያገሩን ሰው ያገሩ ሰው ያንሣው» እያለ፣ እጁ ሥራ የለመደ ሰው ሁሉ በገበያ ቀን ትምህርት ቤቱ እየመጣ በነጻ እንዲማር ጠራ። ታፈረ የመጀመሪያው ሆኖ ገባ። በዚህ ነገር እንኳ ከእኔ የሚቀድም የለም ብሎ ደስ ብሎት ሳለ፣ በሚቀጥለው አርብ ይሁኔ ጅራፉን ትከሻው ላይ እንደ ጣለ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ታፈረ ወንድሜ! አንተ ካለህማ እኔም እማራለሁ!» ብሎ አቅፎ ሳመው። ታፈረም ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደ ተከለ ሳመው።

የፈራው አልቀረም። መምህሩ «ብርሃኑን ለኩ» ሲላቸው ሌላው መለኪያውን ሲያገላብጥ፣ ይሁኔ በዓይኑ ብቻ አይቶ ይናገራል፤ ሲለካም ልክ ይሆናል። ካሜራውን ሲይዘው እጁ ንቅንቅ አይልም። አድማሱ አንድ ቀን አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ቆየና ዝም አለ። ያው የአለቃ ዝምታ! ታፈረ ወጥቶ ከትምህርት ቤቱ ኋላ ብቻውን ቆመ፤ ማልቀስም መሳደብም አማረው።

ፊልሙ ጥቂት ስለ ነበር፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሌላውን ሥራው ላይ እንዲያነሣ ተወሰነ። ተነሥቶ ያለቀው ፊልም አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ማንም ምን እንደ ወጣ አያይም። ዕጣ ሲወጣ ታፈረ ለይሁኔ ደረሰው።

አስቀድሞ ይሁኔ አነሣ። ታፈረን ከሚሥልበት ጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ብርሃን አወጣው፤ «ወደ እኔ እይ። ዓይንህ ደስ ይላል፤ አትፍራ» እያለ አባብሎ አነሣው።

ከዚያ የታፈረ ተራ ደረሰ። መቼም ባገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር ነው የሚሣለው። ይሁዳና ሰይጣን፣ ከነሱም የሚውለው ሁሉ፣ ከጎን ነው፤ አንድ ዓይን ነው ያለው። ቅዳሴ ረዝሞበት ግድግዳ እያየ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። አድማሱ የከተማ ልጅ ነውና አላሰበበትም። ታፈረ ግን ሌሊቱን አስቦበት አደረ። አገር ምድሩ ይሁኔን ፊልሙ በሚታይበት ነጭ አቡጀዲ ላይ አንድ ዓይን ሆኖ ይየው፤ ከእንግዲህ ስሙ ሲነሣ ያ መልክ ይምጣባቸው ሲል ቆረጠ።

«ወደ እኔ አትይ» አለው እርሻው ላይ። «ሞፈርህን ይዘህ ዝም ብለህ እረስ።»

ይሁኔ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ከይሁዳ ጎን ልታቆመኝ ነው እንዴ?»

«የፊልም ሥርዓቱ ነው። መምህሩ ነው ያለው።»

«እሽ፤ አንተ ካልኸኝማ!»

ትልሙ ጫፍ ደርሶ ይሁኔ በሬዎቹን ባዞረ ቁጥር፣ ታፈረ ካሜራውን ያጠፋና ዞሮ እንደ ገና ከጎኑ ይቆማል። በመጨረሻ ይሁኔ ጥማዱን አቁሞ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ካሜራው ልይ ብሎ ፊቱን ማዞር ሲጀምር ታፈረ ጣቱን ከካሜራው ቁልፍ ላይ አነሣ። የተረፈውን ፊልም በሬዎቹ ላይ ጨረሰው፤ እነሱን ፊት ለፊት፣ ከነዓይናቸው አነሣቸው። ለሰው የነፈገውን ለበሬ ሰጠ።

ፊልሙ ተላከ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ። በሐምሌ ይሁኔ ከዘመድ ቤት ሲመለስ የበሽሎ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም።

ለቅሶው ላይ ታፈረ ከልቡ አለቀሰ። አልቃሿ «እጀ መልካሙ፣ ሰው ወዳዱ» ስትል፣ የሕዝቡ ዋይታ ምድሩን ሲያናውጠው ግን፣ እንባው ሳይደርቅ «ለእኔ እንዲህ የሚያለቅስ ይኖር ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣበት። በሞተ ሰው ቀና! በራሱ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ቅናቱን አላስለቀቀውም።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፍቶ ፊልሙ መጣ። ታፈረ ወደ አድማሱ ሮጠ።

«የይሁኔ ይቅር» አለው። «የእናቱን ቁስል መቀስቀስ ነው።»

«እናቱ አይደሉ እንዴ የጨቀጨቁኝ?» አለ አድማሱ። «በየገበያው ‹ልጄ መጣ?› እያሉ ይጠይቁኛል። እንዴት ብዬ ነው የምከለክላቸው?»

ታፈረ ያደረገውን ሳይናገር ወጣ።

አርብ ቀን ገበያው ሲበተን ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎረፈ። መስኮቱ በበርኖስ ተጋረደ፤ አቡጀዲው ከጣራው ወራጅ ላይ ተንጠለጠለ። የይሁኔ እናት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ቆባቸውን አስተካክለው ከፊት ተቀመጡ። ታፈረ ተማሪ ሳለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃቸው ቆሞ ስንት ቀን ያበሉት ሴት ናቸው።

መጀመሪያ ይሁኔ ያነሣው መጣ። ታፈረ በአቡጀዲው ላይ ብሩሹን ይዞ፣ ፊቱ ብርሃን ለብሶ፣ ሁለት ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ሰዉን አየ። እልል ተባለ። ታፈረ ራሱን እንዲህ አምሮ አይቶት አያውቅም፤ የሚወደው ሰው እንዳየው ገባው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደ መለሰም ገባው። ይህ ሁሉ ገብቶትም፣ እኔ እንዲህ ማንሣት አልችልም ነበር የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋው።

ቀጥሎ የእሱ መጣ። ይሁኔ ከጎን፣ ሞፈሩን ይዞ ይሄዳል። አሁንም ከጎን። አሁንም። ጭብጨባው ቆመ። አንድ ቄስ አማተቡ። ከኋላ አንዲት ሴት «አንድ ዓይን!» ስትል ተሰማች።

«ዝም በሉ!» አሉ እማሆይ። «ልጄ ነው። አሁን ይዞራል።»

ይሁኔ ጥማዱን አቆመ፣ ላቡን ጠረገ፣ ፊቱን ማዞር ጀመረ። ወዲያው ሁለት በሬ መጣ፤ ሰፋፊ ዓይናቸውን አፍጥጠው።

«ሊዞር ነበር እኮ! መምህር፣ ይመልሱልኝ በእመቤቴ!»

አድማሱ መለሰው። ይሁኔ ሊዞር ሲል እንደ ገና በሬዎቹ መጡ። አድማሱ ሦስተኛ ሲጀምረው እማሆይ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ፤ አቡጀዲውን ዞረው ወደ ኋላው ሄዱ። ወዲያኛው ዓይኑ በወዲያ በኩል ይኖራል ብለው ነው። ከአቡጀዲው ሥር እግራቸው ብቻ ለሕዝቡ ታየ።

«እዚህም አንድ ነው» አሉ ከወዲያ ሆነው።

ሞተሩ ጠፋ፤ በርኖሱ ከመስኮት ተነሣ። ማንም ወደ ታፈረ ዞሮ ለማየት አልደፈረም፤ ማን እንዳነሣው ግን ሁሉም ያውቃል። እማሆይ ቀስ ብለው መጡና ፊቱ ቆሙ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቢቆጡ በተሻለው ነበር።

«ታፈረ ልጄ፣ ሬሳውንም አላየሁ» አሉት። «ዓይኔ ደክሟል፤ መልኩ እየጠፋብኝ ነው። አንተ ሰዓሊ ነህ፤ አብራችሁ ነው ያደጋችሁ። ወደ እኔ አዙረህ ሣልልኝ፤ እዚሁ ጨርቁ ላይ።»

አድማሱ ከሰል አቀበለው። ታፈረ አቡጀዲው ፊት ቆመ። ግንባሩን ሣለ፤ አፍንጫውን፣ አገጩን፣ ያችን የማትጠፋ ፈገግታውን ሣለ። ሕዝቡ «እሱ ነው! ራሱ ነው!» አለ። ከዚያ ከሰሉን ወደ ዓይኑ አመጣና እጁ ቆመ። ትልቅ ነበር? ትንሽ ነበር? ያዘነብል ነበር? ልጅነታቸውን አሰበ፣ ጎጆውን፣ በሩ ላይ የተሳሳሙትን፣ እርሻውን አሰበ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ያንን ሰው በጎሪጥ ያላየበትን አንድ ቀን ፈለገ፤ አጣ።

«ዓይኑስ?» አሉ እማሆይ።

ከሰሉ ከእጁ ወደቀ።

«አላውቀውም እማሆይ» አለ። «አንድም ቀን አላየሁት።»