ሁለቴ ከመታች ይደገማል

«ኧረ ይሄን ስልክ አንድ በሉት! ባለቤቱ አርፎ እሱ አላርፍ አለ እኮ!» አለች አክስት። የተናገረችው ነገር የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቶሎ ብላ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጅቷ ከሶፋው ጥግ ተነሥታ የአባቷን ስልክ ከመደርደሪያው ላይ አነሣች። ልታጠፋው ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ አነበበ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ነው። «ስድስተኛው እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። የስፌት መኪናዬ ተፈታታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች። ሰባተኛው መቼ ይወጣል? ደህና ነህ?»

መልእክቱን የላከችው ሴትዮ ከየት አገር እንደምትጽፍ ልጅቷ አታውቅም። ከሰኞ ወዲህ ግን ይህ ሦስተኛ መልእክቷ ነው።

አባትየው ሰኞ ጠዋት ነው የሞተው። በዚህ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። አረፈ ይላሉ፤ ተለየን ይላሉ፤ ጎረቤት መምህሩማ «ዋርካው ወደቀ» ብለዋል። እናትየው ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። አንድ እንባ አልወጣትም። ሻይ በተቀዳ ቁጥር «ስኳሩን አትጨርሱት፤ እሱ ያለ ስኳር አይጠጣም» ትላለች፤ ሰውም አንገቱን ይደፋል።

ሟቹን ሰፈሩ «ሐኪሙ» ነበር የሚለው። የታመመ የስፌት መኪና ያድናላ! ሱቁ ከቤቱ ሥር፣ ዐሥር ደረጃ ወረድ ብሎ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌ የስፌት መኪና እንዴት እንደሚጠገን በእንግሊዝኛ እየጻፈ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ መኖሩን ነው። አንባቢዎቹ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ እሱው እንግሊዝኛን ካደጉ በኋላ እየታገሉ የለመዱ። እሱ ራሱ ቋንቋውን የተማረው ከመኪኖቹ መመሪያ ነው።

«አራት መቶ ቃል ነው ያለኝ» ይል ነበር። «ግን አራቱም መቶ ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ቤት ቦዘኔ አያድርም።»

አሠራሩም የራሱ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ። መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው ደብተር ላይ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ሚስቱን የተፈታ መኪና ፊት ያስቀምጣታል። እሷ ጨርቅ በእጇ ትዘመዝማለች እንጂ የጥገና ነገር አታውቅም። ለዚህ ነው የመረጣት። እሱ ያነባል፣ እሷ የሰማችውን ብቻ በእጇ ትሠራለች። መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ በምታጠልቃት የብረት ቆብ ጠረጴዛውን አንዴ ከመታች ገብቷታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል። ሁለቴ ከመታች አልገባትም፤ ይደገማል። ክርክር ብሎ ነገር የለም።

«አንባቢዬ ሩቅ ናት፤ እጄን አይታ አትከተለኝም» ይላታል። «ስለዚህ በእሷ ፋንታ አንቺ አስቸግሪኝ።»

«ማስቸገሩንስ ለእኔ ተወው» ትላለች።

ልጅቷ ደግሞ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ሪፖርት ጸሐፊ ናት። ቋንቋው አፏ ላይ ይጣፍጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት ዕረፍት ወስዳ መጥታ፣ አባቴን ላስደስት ብላ ዐሥራ ዘጠኝ ገጾቹን በሙሉ አሳመረችለት። አጫጭሮቹን ዓረፍተ ነገሮች እያያያዘች አረዘመቻቸው። የባለቋንቋዎቹን ቀልድና አባባል ጣል ጣል አደረገችበት።

«አቤት ማማሩ!» አለ አባትየው መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ፣ ሚስቱን ሳያስቀምጥ ጽሑፍ አወጣ።

ከአንድ ወር በኋላ ገጾቹን ብትከፍት ሁሉም ወደ ድሮ መልካቸው ተመልሰዋል። ደሟ ፈልቶ ደወለችለት።

«እንደ ሕፃን ልጅ እኮ ነው የምትጽፈው። ሰው ይስቅብሃል!»

እሱ «ይሳቁ፤ ብቻ መኪናቸው ይስፋላቸው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጽሑፍ አውርተው አያውቁም። ስለ ጤና ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ደህና ሁን ደህና ሁኚ ይባባላሉ። እሷም በልቧ «ግትር ሽማግሌ» እያለችው ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ያ «ሰው ይስቅብሃል» ያለችው ነገር ሻይ በተቀዳ ቁጥር ትዝ ይላታል።

በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ለምሳ ሲበተን ወደ ሱቁ ወረደች። ሱቁ ዘይት ዘይት ይሸታል። መነጽሩ መፍቻዎቹ መሀል ተቀምጧል። ለሴትዮዋ አንድ መስመር መልሳ ልትወጣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ግን የቆዩትን መልእክቶች ወደ ኋላ እያነበበች ሄደች። የዛሬ ሁለት ዓመት የተላከ አንድ መልእክት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» ይላል አንድ ሰው። «አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ሥራ አለ። የቱ እንደሚቀድም አላወቅሁም። የእናቴን መኪና ሰበርኩ። ድሮ እንዲህ አትጽፍም ነበር። ማን ነው የጻፈው?»

የአባቷ መልስ ከሥሩ አለ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። የተሰበረውን ዕቃ እልክልሃለሁ።»

ልኮለታልም። ሰውየው መኪናዋ እንደገና ሠራች ብሎ አመስግኗል። አባቷ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኙን ገጾች አንድ በአንድ ወደ ድሮ መልካቸው መልሷል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም።

«አባዬ፣ ምናለ ብትቆጣኝ!» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ መፍቻዎቹ ላይ ተደፍታ፣ ሰው ፊት አምቃ የያዘችውን ሁሉ አለቀሰች።

ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል ደብተሩ አጠገቧ ተከፍቶ አየችው። ከአንድ እስከ ስድስት ባሉት እርምጃዎች ጎን አንድ አንድ ነጥብ ተቀምጧል። ሰባተኛው «ሞላውን በትክክለኛው አቅጣጫ መልሰሽ አስገቢ» ይላል፤ ክሩን የሚወጥረውን ጠምዛዛ ሽቦ ማለቱ ነው። ጎኑ ሁለት ነጥብ ነው። ለመላው ዓለም የሚሄደውን መመሪያ ሁሉ «አንቺ» እያለ ነው የጻፈው።

አሁን ጭንቀቷ ሁለት ሆነ። ሴትዮዋ መኪናዋን ፈትታ ትጠብቃለች። ልጅቷ ደግሞ በእጇ እንደገና የሰው መኪና እንዳይሰበር ፈራች። ያን ቀን ሳትመልስ ወደ ቤት ወጣች።

በማግስቱ ጎረቤት መምህሩ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያርሙት ደብተር አጥተው የሰፈሩን ማስታወቂያ የሚያርሙ ሰው ናቸው።

«ለዓለም ሕዝብ ነው የምታረጂው ልጄ፤ ከበድ ይበል» አሏት።

እሷም ልማዷ ነውና መርዶውን አከበደችው። ጽፋ ስትጨርስ ለእናቷ በቋንቋቸው ገልብጣ አነበበችላት። «የጥበብ ብርሃን፣ የማይነጥፍ የዕውቀት ምንጭ፣ ለትውልድ የተረፉ ታላቅ ባለሙያ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ወደ ዘላለም ዕረፍት…»

እናትየው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠች። «ነፍስ ይማር» አለች። «ማናቸው ሰውዬው?»

መምህሩን ሻይ ትን አላቸው። ልጅቷ ወረቀቱን አጣጠፈችና ተነሣች።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ ሱቅ እንውረድ።»

«እንግዳ ጥላ የት ትሄዳለች?» አለች አክስት።

«እንግዳውን አንቺ ያዥልን። ነይ እማዬ።»

እናትየው ሱቁ ውስጥ ገብታ የዘወትር ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ደብተሩን ከፍታ ሁለቱን ነጥቦች አሳየቻት።

«የእሁድ ነው» አለች እናት። «ትክክለኛው አቅጣጫ የቱ ነው ብዬ ሁለቴ መታሁበት። ነገ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ደክሞት ነበር እኮ። ምናለ አንዴ ብመታለት? ጨርሶት ይተኛ አልነበር?»

«አልገባሽማ!»

«ባይገባኝስ!»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፍታ የሰውየውን መልእክትና የአባቷን መልስ አነበበችላት። «እኔ ያበላሸሁት ነው፤ ያን ጊዜ አንቺን አላስቀመጠሽም። አንቺ ሁለቴ ብትመቺ ኖሮ መኪናው አይሰበርም ነበር።»

«እና ለአንቺ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

«ስለሚሳሳልሽ ነዋ፣ የኔ ሞኝ! ሌላ ምን ይሆናል?» አለችና እናትየው ጸጉሯን ወደ ኋላ አደረገችላት። ከዚያ የብረት ቆቧን ከመሳቢያው አውጥታ አጠለቀችና ሞላዋን አነሣች። «በይ አንብቢ።»

«ሞላውን በጥንቃቄ ይዘሽ…»

ሁለቴ መታች። «ጥንቃቄማ የቱ ጋ ቀርቶ ያውቃል? ሥራውን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ሰረዘች። ጻፈች፣ እንደገና ሰረዘች። በመሥሪያ ቤቷ እንዲህ ያሠራት አለቃ የለም።

«ሞላውን ያዢ። አንዱ ጫፍ ሰፊ ነው። አንዱ ጫፍ ጠባብ ነው።»

አንዴ።

«ሰፊውን ጫፍ ወደ መኪናው አድርገሽ አስገቢ።»

አንዴ።

«ዳዶውን በእጅሽ አጥብቂ። መፍቻ አትጠቀሚ።»

እናትየው ሞላዋን የምታጠብቀውን ዳዶ በጣቶቿ አዞረች፤ ሞላዋ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። አንዴ መታች።

ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ አባቷ የጻፈው ይመስላል። ላከችው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሳያውን እያዩ ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፎቶ መጣ፤ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት።

«ሠራች!» ትላለች ሴትዮዋ። «እግዜር ይስጥህ። ግን አልመለስክልኝም። ደህና ነህ?»

ልጅቷ ሁለት መስመር ጻፈች። ልትልከው ስትል እናትየው እጇን ያዘቻት።

«ምን ብለሽ ነው?»

«እማዬ፣ ይሄ እንኳ ይቅር።»

«እኔ ሳልሰማው ይወጣል እንዴ? የዚህ ቤት ሕግ መች ነው የተለወጠው?»

ልጅቷ ዓይኗን ከማሳያው ሳታነሣ አነበበች። «እነዚህን ገጾች የጻፈው አባቴ ነው። አባቴ ሰኞ ሞተ።»

እናትየው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታች።

«እማዬ…»

«ድገሚው።»

«አባቴ ሰኞ ሞተ።»

ሁለቴ መታች።

ከላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ አዲስ እንግዳ ሳይመጣ አልቀረም። ልጅቷ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

እናትየው ባዶውን ወንበር አየችው። ከሰኞ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ መጥቶ በአገጯ በኩል ወረደ፤ አልጠረገችውም። ቆብ ያጠለቀውን ጣቷን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ ቆየችና አንዴ መታች።