ቢጫ ከቢጫ፣ ቀይ ከቀይ

ጋሽ ሰባት አዲሱን የመኪና ቴፕ የገዙት ለሙዚቃ ነው አሉ። ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ፣ ለልጃቸው እንዲህ አሉ፣ ለእኔም ካርቶኑን በብብታቸው ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆመው ይህንኑ ነገሩኝ። ካርቶኑ ላይ የተሳለው ግን ካርታ ነበር። ካርታው ላይ ቀስት፣ ቀስቱ ጫፍ ላይ ትንሽ መኪና። የሙዚቃ ምልክት የምትመስል ነገር ጥግ ላይ ጣል ተደርጋለች። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም ሥዕል ማንበብ አያቅተኝም።

ሰባት የተባሉት ሃያ ስምንት ዓመት የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ስለነበሩ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚነዱት አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ናት፤ እሷንም ለአንድ ጉዳይ ብቻ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸውን ከከተማው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት ይወስዳሉ፣ አራት ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ይመልሳሉ። በእትዬ ኩላሊትም ዓይንም ስኳር በሽታ ተጫውቶበታል። አሁን ከሰው የሚያዩት ጥላውን፣ ከመንገድ የሚያዩት ብርሃኑን ነው። ምላሳቸው ላይ ግን ስኳሩ አልደረሰም።

እኔ ጎረቤታቸው የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ዳሽቦርድ መፍታት ለምጃለሁ፤ የትኛው ፕላስቲክ በየት በኩል ሲሳብ እንደማይሰበር እጄ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ላይ ግን ከአምፖል መቀየር አላልፍም፤ ቴፑን ግጠምልኝ ሲሉኝም ይህንኑ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ወሬኛ ነው ብለው አለፉት። ቴፕ ለመግጠም ምስጢር ጠባቂ ለምን እንደሚያስፈልግ ግራ ገባኝ። እኔስ ብሆን ከመቼ ወዲህ ነው ምስጢር ጠባቂ የተባልኩት?

ነገሩ የገባኝ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ነው። አሮጌውን ቴፕ ነቅዬ ጭንቅላቴን ዳሽቦርዱ ሥር ቀብሬ ነበር። ጋሽ ሰባት ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው ለእኔ ሳይሆን ለባዶው ቀዳዳ የሚያወሩ ይመስል ጀመሩ። ከሦስት ወር ወዲህ መንገድ ይጠፋባቸዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ድንገት አንድ ማዞሪያ ላይ ሲደርሱ አራቱም መውጫ አንድ ዓይነት ይሆንባቸዋል። በቀደም ሰኞ ሆስፒታል የደረሱት አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይተው ነው። ለእትዬ መንገድ ተዘግቷል አሏቸው፣ እትዬም አያዩ፣ እሺ አሉ። ነርሷ ግን ለልጃቸው ደወለች። ልጁ መጣ፣ ሻዩን ጠጣ፣ በትሕትና ተናገረ፤ ደግመው ከዘገዩ የመኪናውን ቁልፍ ይወስዳል፣ እናቱንም ሰው ቀጥሮ ያስወስዳል።

«ሰው ቀጥሮ» አሉ ጋሽ ሰባት። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሚስት ሳመላልስ ኖሬ፣ የራሴን ሌላ ሰው ሊያመላልስልኝ?»

ከዳሽቦርዱ ሥር ሆኜ ምን ይባላል? ካቻቪቴ ያቀብሉኝ አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ሽቦው ገባን። ከአዲሱ ዕቃ ጀርባ እንደ ዶሮ አንጀት የተዘረገፈ ሽቦ ነው፤ ከመኪናው በኩልም ያንኑ የሚያህል ይጠብቃል። ወረቀት አብሮት መጥቷል፤ ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል፣ ቋንቋውም የእኛ አይደለም። ጋሽ ሰባት በመነጽር አዩት፣ ያለ መነጽርም አዩት፣ አጣጥፈው ከእግራቸው በታች ምንጣፉ ሥር አኖሩት። እኔ ግን ብዙም አልተጨነቅኩም። ዕድሜዬን የኖርኩት ክር ከጨርቅ ሳዛምድ ነው። ቢጫውን ከቢጫ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ገመድኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ስፌቴን እንደማየው ራቅ ብዬም አየሁት። አማረ።

ዕቃው በራ። ሰማይ ማየት አለባት የተባለችውን ትንሿን አንቴና መስታወቱ ሥር ለጠፍናት። ሳሙና የምታክለውን ሃርድ ዲስክ ከፊተኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠን ገመዷን ሰካን። ልጃቸው የአባቱን ካሴት በሙሉ የገለበጠባት ናት፤ ሁለት ሺህ ምናምን ዘፈን አለባት። ዘፋኝና ዘፈኑን ለይቶ መጻፍ ሰልችቶት ሁሉንም በቁጥር ነው የሰየማቸው። ዘፈን ቁጥር አንድ ጀመረ፤ ክላርኔት የሚያለቅስበት ነው። የሆስፒታሉን አድራሻ አብረን አስገባን፣ የቤታቸውንም አስገባን። ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ተዘረጋ። ጋሽ ሰባት በጣታቸው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉትና ሞተሩን አጠፉ።

ማክሰኞ ሱቄ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ቅዳሜ ሆስፒታሉን አስገብተናል ወይስ አላስገባንም?»

«አስገብተናል እንጂ ጋሼ።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ የመስፊያዬን መርፌ እያዩ።

እሑድ ከሰዓት መኪናው ውስጥ ገብተው ቢያዩ አድራሻ የሚባል ነገር የለም። ረስቼው ይሆናል ብለው እንደገና አስገቡ። ሰኞ ጠዋት እትዬን አስቀምጠው ቁልፉን ሲያዞሩ ዳግመኛ ባዶ ነው። እትዬ እየሰሙ ደግሞ ስክሪን መነካካት አልቻሉም፤ በግምት ነዱ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገዩ፣ ነርሷን ለምነው ዝም አሰኟት። አሁንስ መንገዱ ብቻ አይደለም፣ የሠሩትንና ያልሠሩትንም መለየት ተስኗቸዋል። ዘፈኑ እንኳ ሁልጊዜ ያ ክላርኔት ነው። እትዬ ሌላ ዘፈን የለህም ወይ ሲሏቸው ሌላ መክፈታቸውን ያስታውሳሉ፣ በማግስቱ ግን ያው ክላርኔት ይጠብቃቸዋል። ማን መልሶ እንደከፈተው አያውቁም፤ ከእሳቸው በቀር መኪናው ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ የለም።

መኪናውን ሄጄ አየሁት። ሰዓቱም ዜሮ ዜሮ ላይ ቆሟል። እሳቸው ነካክተው ያበላሹት መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አዘንኩላቸው እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። ሰው ለታማሚ ራሱን እንደሚነቀንቀው ነቀነቅኩና ሐሙስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ እዚያ አካባቢ ጨርቅ እገዛለሁ አልኳቸው። ጨርቅ ቤቱ በተቃራኒው በኩል መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አድራሻውን በገዛ ጣቴ አስገባሁ። እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ነበር። ከግቢ እንደወጣን ዕቃው ተናገረ፤ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ግራ ይታጠፉ የምትል የሴት ድምፅ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ እትዬ።

«ዘፈኑ ውስጥ ያለች ናት» አሉ ጋሽ ሰባት።

«ግራና ቀኝ ብቻ ነው የምትዘፍነው?»

ጋሽ ሰባት ማርሽ ቀየሩ። ሴትየዋ ግን ጎበዝ ነበረች። ጋሽ ሰባት መሪውን እንደ ጥንቱ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው ወረድ ብሎ፣ ያለችውን ሁሉ ሲፈጽሙ ሳይ ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ የነዳጁ መብራት ቦግ አለ። ማደያ ገባን፣ ቀጂው ሞተር አጥፉ አለ፣ አጠፉ። ተቀዳ፣ ተዘጋ፣ ቁልፉን አዞሩ።

ክላርኔቱ ጀመረ። ሰዓቱ ዜሮ ዜሮ። ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር የለም፣ አድራሻ የለም፤ እኔ በጣቴ ያስገባሁት፣ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ጋሽ ሰባት ዞር ብለው አዩኝ። ምን ያህል እንደተደሰትኩ መናገር ያቅተኛል፤ ከመደሰቴ የተነሣ ኋላ ማን እንደተቀመጠ ረሳሁት።

«ጋሼ፣ የምትረሳው እሷ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም» አልኩ።

ከኋላ የሻርፑ ኮሽታ ቆመ።

ጋሽ ሰባት መሪው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አምስት ቀን ሙሉ ራሳቸውን ሲከስሱ ሰንብተው ጥፋተኛው ዕቃው ሆኖ ተገኘ። እየሳቁ ማርሽ አስገቡ፣ እየሳቁ ወደ ማደያው መውጫ ነዱ። እዚያ መንገዱ ግራና ቀኝ ይላል። ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። መኪናዋም ቆመች። ከኋላችን አንዱ ክላክስ አደረገ፣ ሌላው ተቀበለው።

«እሷስ ረሳች» አሉ በዝግታ። «እኔስ?»

እኔ መንገዱን አላውቀውም። ዕቃውን ነካሁት፣ ስክሪኑ ሬዲዮ ከፈተ።

«ወደ ቀኝ ውጣ» አሉ እትዬ። «ሦስት ጉብታ ታልፋለህ። ከሦስተኛው በኋላ ጎማው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ይንጋጋል። ንጣፉ ሲያልቅ ወደ ግራ።»

ጋሽ ሰባት ወደ ቀኝ ወጡ። አንድ ጉብታ፣ ሁለት ጉብታ፣ ሦስት። ንጣፉ ተንጋጋ፣ አለቀ፣ ግራ ታጠፉ። ከሦስታችን የማያዩት ሰው ናቸው እየመሩን ያሉት። እኔ ማንን ማየት እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ጉልበቴን አየሁ።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው ብለው ጠየቁ ጋሽ ሰባት፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ። እትዬ ያን የዘገዩበትን ሰኞ ጠሩ፤ አንዱን ጉብታ አራት ጊዜ ነው ያለፍነው አሉ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«መንገድ ተዘግቷል ስትለኝ ድምፅህ ደንግጦ ነበር። እኔም ብናገር ለሁለት እንደነግጥ ነበር።»

ሆስፒታሉ በር ላይ የደረስነው በሰዓቱ ነው። ነርሷ ሰዓቷን አይታ እትዬን ተቀበለቻቸው።

እነሱ ሲገቡ እኔ መኪናው ውስጥ ቀርቼ ዕቃውን ለሸጠላቸው ነጋዴ ደወልኩ። ሙያዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ ከሳቀ በኋላ የዚያ መኪና የቢጫና የቀይ ሽቦ ቀለም ተገላቢጦሽ ነው አለኝ። ያንዱ ሥራ ቁልፍ ሲዞር ማብራት ነው፤ የሌላው ሥራ ሞተር ሲጠፋም ዕቃው የያዘውን እንዳይረሳ ማድረግ ነው። እኔ ቀለም ከቀለም አዛምጄ የማስታወሻውን ሽቦ ቁልፍ ከሚያጠፋው ላይ ቋጥሬዋለሁ። ወረቀቱ ላይ በሥዕል አለ አለኝ። ሥዕል ማንበብ አያቅተኝም ያልኩትን አሰብኩ። ቢጫውን ከቀይ፣ ቀዩን ከቢጫ ቋጠርኩ። ለሰፊ ዓይን በጣም ያስጠላል። አድራሻ አስገባሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። አለ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሁሌም አለ።

ጋሽ ሰባት መጠበቂያው ክፍል ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አምስት ቀን ያሠቃየኋችሁ እኔ ነኝ አልኳቸው። ሽቦውን እንዴት እንዳገላበጥኩት በጣቴ ጉልበታቸው ላይ እየሳልኩ አስረዳሁ።

«ከእንግዲህ አይረሳም?»

«አይረሳም።»

ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«አንተን አልቀየምኩም» አሉ። «ዕቃው እንደዚያ ሲያደርገኝ የቀረኝ ነገር የለም ብዬ ነበር፤ ለካ አለኝ። ግን ከማደያው ስወጣ ግራና ቀኙ አንድ ሆነብኝ። እዚያስ የተለዋወጠ ሽቦ የለም።»

ቁልፉን ይዤ ቀረሁ፤ ኪሴ ልክተተው ወይስ እንደያዝኩት ልቆይ እሱንም አላወቅኩም።

ከቀትር በፊት እትዬ ወጡ፣ ፊታቸው ገርጥቶ። ጋሽ ሰባት ክንዳቸውን ይዘው እስከ መኪናው አመጧቸው፣ የኋላውን በር ከፈቱላቸው፣ አስቀመጧቸው። ከዚያ በሹፌሩ በር በኩል ይዞራሉ ብዬ ስጠብቅ በሌላኛው የኋላ በር ገብተው ከጎናቸው ተቀመጡ። በሩን ዘጉት።

«ምነው ኋላ መጣህ?» አሉ እትዬ።

«ከአንቺ ጋር ተሳፍሬ አላውቅም» አሏቸው። «ሁሌ ጀርባዬን ነው የሰጠሁሽ።»

እትዬ በእጃቸው ፈልገው የጋሽ ሰባትን እጅጌ አገኙ። ያዙት።

ሹፌር ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቁልፉ ግን በእኔ እጅ ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ። በየጊዜው ከማሳደሴ በቀር ከሰፈር አውጥቶኝ አያውቅም። ተቀመጥኩ፣ አስነሣሁ፣ ሴትየዋ ወደ ግራ ይታጠፉ አለች። እትዬ በግራ ጉድጓድ አለ፣ በቀኝ ይሻላል አሉ። ጋሽ ሰባት ሁለቱንም አትስማ፣ አውቶቡስ እዚህ ቀጥታ ነው የሚሄደው አሉ። እኔ የሦስቱንም እሺ አልኩ።

ልጁስ? አሉ እትዬ። ማን ይነግረዋል?

«እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ ጋሽ ሰባት። «መንገድ እየጠፋኝ ነው እለዋለሁ። ሰው መቅጠር ግን አያስፈልግም፣ ሰው አግኝተናል እለዋለሁ።» ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንወጣው። እንዳታስረፍደን።»

እሺ ማለቴን አላስታውስም። ማዞሪያውን ሁለተኛ ዙር እየዞርኩ ነበር፤ አራቱም መውጫ አንድ ይመስል ነበር።