አራቱ ብሎኖች

ሴትየዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቂም ይዛ ኖራለች። የተቀየመችው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሰሌዳ ነው። መንገድ ዳር ካለው ጃካራንዳ ሥር በብረት ዘንግ ላይ ቆሞ፣ «ይህን ዛፍ የተከሉት ክቡር ከንቲባ ናቸው» ይላል። ሁለተኛ ክፍል ላይ የተወችውን ንባብ የምትሞክረው በእሱ ነው፤ ባነበበችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

የማዘጋጃ ቤቱ ዛፍ ተካይ ናት። ያንን መንገድ ሦስት ጊዜ ቆፍራዋለች። ስትቀጠር የእግረኛ መንገድ ነበርና ጥላ ይሁን ብለው ባሕር ዛፍ አስተከሏት። መኪና ሲበዛ ባሕር ዛፉ ሽቦ ነካ ተብሎ ተቆረጠ፤ ጽድ ተከለች። ፎቆቹ ሲመጡ ደግሞ መስታወታችንን ጋረደ ብለው ጽዱን አስነቀሉና ዘንባባ አመጡ፤ ለራሱ እንኳ ጥላ የሌለው። ሌላው ሰው ዘመን የሚቆጥረው በሹም ነው፣ እሷ በጉድጓድ።

ከንቲባው በጽዱ ጊዜ በእርግጥ መጥተዋል። አንድ አካፋ አፈር ጣል አደረጉ፣ ተጨበጨበ፣ ሄዱ። በማግስቱ እሷ አረም ስታርም የእሳቸውን ችግኝ ከነሥሩ መዘዘችው። ስንት ዓመት ያረመች ሴት ችግኝና አረም መለየት አቃታት። ደንግጣ ከጓሮዋ በዘይት ቆርቆሮ ያሳደገችውን ጃካራንዳ አምጥታ ተከለች። ጽድ ጃካራንዳ ሆኖ ሲያድግ ምነው ያለ የለም። እሷም «የኔ ነው» እንዳትል፣ የሳቸውንስ ማን ነቀለው ሊባል ነው።

የሚያውቀው ጫማ ሰፊው ባሏ ብቻ ነው።

«ወይ ተናገሪ ወይ ተዪው» ይላታል። «ከንቲባው እኮ በዚህ አልጋ ላይ ሦስተኛ ሆኑብኝ።»

«ብናገር ይነቅሉኛል።»

«እንደ ችግኙ?»

ትራሱን ወረወረችበት።

ሰሞኑን ግን ዛፉን ውኃ ስታጠጣ አንዱ ዘናጭ ስልኩን ደግኖ፣ «እትዬ፣ ከከንቲባው ዛፍ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አላት። ፈቀቅ አለች። ይኼ ነው ያቃጠላት፤ ፈቀቅ ማለቷ።

በነጋታው በጠዋት የባሏን ካቻቢቴ ይዛ ሄደች። ከሰሌዳው አራት ብሎኖች ሦስቱን ፈትታ ኪሷ ከተተች። አራተኛው ዝጎ እንቢ አለ። ስትታገል አንድ የመንገድ ቀያሽ ቀይ ቀለሙን ይዞ ደረሰ፤ ዘንባባዎቹን አንድ በአንድ እየቀባ ነው።

«ምንድነው የምትቀባው?»

«መንገዱ ሊሰፋ ነው እትዬ። የተቀባው ይቆረጣል።»

«ሁሉም?»

«ሰሌዳ ያለው ይተርፋል። ታሪክ አለው ተብሎ ነው፤ ያኔ ዘንባባው ሲተከልም ይኼን የተዉት ለዚያ ነው።» ባንድ ብሎን የተንጠለጠለውን ሰሌዳ አየው። «ይኼ ግን የወደቀ ነው መሰለኝ። ልቀባው?»

ጽዱ ሁሉ ሲነቀል ጃካራንዳው ለምን ብቻውን እንደቀረ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሴትየዋ በራሷ አፈረች፤ ለማፈር ግን ጊዜ አልነበራትም።

«ምን ወደቀ ትለኛለህ፣ እያጠበቅሁት አይደል እንዴ» አለችው።

ብሎኖቹን ከኪሷ እያወጣች አንድ በአንድ መለሰች። ቀያሹ ብሩሹን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት።

«ከንቲባውን ያውቋቸው ነበር?»

«ሲተክሉ አጠገባቸው ነበርኩ» አለች። የዛገውን አራተኛ ብሎን ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው፤ ከዚያ በሽርጧ ጫፍ የከንቲባውን ማዕረግ ወለወለችላቸው።