ያልደረሰው መጥሪያ

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሁሉ ከመቀመጫቸው አስነሥቶ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ ፖስታ ከመቀበል በፊት ከማን እንደመጣ ማየት እንደሚገባ አስታወቀ። ሒሳብ ሹሙ መርዶ የሰማ ይመስል አንገቱን ደፋ። ጸሐፊዋ የምትገባበት ጠፋት፤ የፍርድ ቤቱን መጥሪያ ፈርማ የተቀበለችው እሷ ናትና።

ከሳሹ ጋሽ ቀስተ ደመና ነው። ለዚህ የውጭ አገር ቀለም ኩባንያ፣ ከቢሮው በስተጀርባ ባለችው ክፍል ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲበጠብጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጣሳ ፈንድቶ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋበት። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ጸሐፊዋ ናት፤ ሸሚዙ ሲገዛ ምን መልክ እንደነበረው የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

የኩባንያው ጠበቃ ስለ ዓይኑ ትንፍሽ አላለም። ኩባንያው እዚህ አገር ቢሮ የለውም፤ መጥሪያውን የተቀበለችው ሴትም ሠራተኛው አይደለችም፤ ስለዚህ መጥሪያው አልደረሰውም፤ መቃወሚያው ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ከተቀበለ ነገሩ አከተመ፤ የመክሰሻው ጊዜ ስላለፈ ጋሽ ቀስተ ደመና እንደገና መክሰስ አይችልም። ዳኛዋ ግን ሰው ሄዶ ቦታውን ይይ አሉ።

«እና እኔ የማን ሠራተኛ ነኝ?» ስትል ጸሐፊዋ ቢሮ ውስጥ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

«የማንም። ለጊዜው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ሒሳብ ሹሙ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ከፍርድ ቤት የተላከው ሰው መጣ። ቦታውን እንዲያሳይ ተብሎ፣ ጋሽ ቀስተ ደመናም የእህቱን ክንድ ይዞ ተከትሎታል። ጸሐፊዋ ከአደጋው ወዲህ አላየችውም ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው።

«ይህን ሰው የምታውቁት አላችሁ?» አለ የተላከው ሰው።

ሒሳብ ሹሙ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሥራ አስኪያጁ የእንግዳ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጋዜጣ ገልጦ ፊቱን ሸፈነ። ጸሐፊዋ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ጋሼ ስለማያያት ያን ያህል ውሸት አልመሰላትም።

«ግድ የለም፣ ከዚህ ወዲያ መንገዱን አላጣውም» አለና የእህቱን ክንድ ለቀቀ። ከዚያም እንደ ድሮው ፈጠን ብሎ፣ ቀለም ይበጠብጥባት ወደነበረችው ክፍል በቀጥታ ተራመደ።

«ጋሼ፣ ቀስ» አለች ጸሐፊዋ።

«በሩ ላይ መደርደሪያ አቁመንበታል» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«ቁም፣ ትጋጫለህ» አለ ጋዜጣው።

ጋሽ ቀስተ ደመና ቆመ። እጁን ዘርግቶ የመደርደሪያውን ብረት ዳሰሰው።

«ሁላችሁም አላችሁ እንዴ?» አለ።