ሐጅ በፍቺ የማለበት ደረጃ

እኔው ልጀምረው፤ ሌላ ሰው ካወራው ያባብሰዋል።

በስደት የምንኖረው ጀሪፍ የሚባል ሰፈር፣ ሐጅ አብዱልወሃብ ግቢ ነው። እሱና ሚስቱ ሲት ሉጥፊያ ምድር ቤት፣ እኛ ሐበሾቹ አስራ አንድ ሆነን ፎቅ ላይ። የመብራት ቆጣሪው በካርድ ወደሚሞላ ሲቀየር ሐጅ ሒሳቡን ፈርቶ አበደ። የደረጃውን አምፖል ፈቶ ኪሱ ከተተ። ሌላው ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ይወጣል፣ እኔ ግን አፌ አያርፍም። ጠዋት ሻዩን ሲጠጣ አጠገቡ ቆሜ፣ "ያ ሐጅ፣ አምፖሏ ደህና አደረች? ኪስህ ውስጥ አልበረዳትም?" እለዋለሁ። አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ጋር ሲቀመጥ ደግሞ ክብሪት ለኩሼ እመጣና፣ "እዚህ አካባቢ ደረጃ ጠፍቶብን ነበር፣ አላያችሁም?" እላለሁ። ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈራል።

አንድ ጁምዓ ግቢው እንግዳ ሞልቶ ይችኑ ሳደርግ ሐጅ ብድግ አለ። "ዐለይ ጠላቅ፣ በሕይወት እያለሁ እዚህ ደረጃ ላይ መብራት አይበራም" አለ። በፍቺ ማለ ማለት ነው። መብራቱ ከበራ ሚስቱ ተፈታች። ሲት ሉጥፊያ ከማድቤት ብቅ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አምፖል የሚል ቃል ያነሳ ሰው ከምላሷ አይተርፍም። ሐጅ የመብራቱን ገመድም ቆረጠው። በኔ ቀልድ የፎቁ ሰው ሁሉ ደረጃው ጨለማ ሆኖበት ቀረ፣ እኔ ግን አሳቅኳቸው ብዬ ተኛሁ።

በአስራ አንደኛው ቀን ዘሊካ ወደቀች።

ዘሊካ ከአገር ቤት የሐርቡ ልጅ ናት፣ ከመጣች አራት ወሯ። ማንሺያ ሰፈር፣ ሲት ናስራ የምትባል ሴትዮ ቤት ትሰራለች። ከመግሪብ በኋላ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ስትወጣ የተሸረፈችውን እርከን ሳተቻት። ስደርስ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተጣሞ ነበር።

"እጁስ ይሁን" አለችኝ ሳነሳት። "ሁለት ቀን ከቀረሁ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ታስገባለች። ተናግራኛለች።"

ሐኪም ቤት ሄድን። "ኦርኒክ ተማንያ የታለ?" አሉን። ፖሊስ የሚሰጠው ወረቀት ነው፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ያለሱ አይነካም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ደግሞ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጋ አይሄድም። ዘሊካ ኢቃማ የላትም። እጇ ግን ቆመን ስናየው ያብጣል።

"ጣቢያ ምራኝ" አለች።

ጣቢያው በር ላይ ሐጅ ጀላቢያውን ሰብስቦ ደረሰብንና ክንዴን ያዘኝ። "ከቢር፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ከሐፍላ ላይ ወደቀች በል። የኔ ስም ከገባ ወረቀት ለሌለው ሰው ማከራየቴ ይወጣል። ሁላችሁም መንገድ ላይ ናችሁ።"

"ምን ይላል?" አለች ዘሊካ። አረብኛዋ ገና ከማድቤት አልወጣም፤ ድስት፣ ሳሙና፣ ቶሎ በይ።

"ከአውቶቡስ ወደቅኩ በይ ይላል።"

"ከአውቶቡስ አልወደቅኩማ።"

"እሱማ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እንዳትዋሽብኝ።"

ዋሸሁባት። ተረኛው ፖሊስ የሐብሐብ ፍሬ እየቆረጠመ ሊጽፍ ተሰናድቶ ነበር። ሐፍላ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ።

"የትራፊክ ጉዳይ ነዋ። እዚህ አይደለም፣ ቡሪ ጣቢያ ሂዱ። ታርጋው ስንት ነው?"

"አላየሁትም።"

"ሹፌሩስ?"

"እሱማ እኛን አይቶን ሄደ።"

"ምን ይመስላል?"

"የቸኮለ ይመስላል" አልኩት።

ዘሊካ ሐፍላ የሚለውን ሰምታለች። በደህናው እጇ ጠረጴዛውን መታችው። "ሐፍላ ላ። ሲሊም። ኑር ማፊ።" አውቶቡስ አይደለም፣ ደረጃ ነው፣ መብራት የለም። በዚያች በማድቤት አረብኛዋ ሙሉ ክሱን ጨረሰችው።

ፖሊሱ ሐጅን አየው። "ቤቱ የማነው?"

ሐጅ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የኔ።"

"መብራቱስ?"

ሐጅ ያን ጊዜ ወደኔ ጠቆመና ሁሉንም ዘረገፈው፤ ክብሪቱን፣ እንግዶቹን፣ መሐላውን። ፖሊሱ ሳቀ፣ ሳቀና በአንዴ ተወው።

"ያ ሐጅ፣ ቤቱ ያንተ፣ ደረጃው ያንተ፣ የማለውም ያንተ አፍ። ልጅ አናደደኝ ብለህ ሰው ታሰብራለህ? ወይ አሳክማት፣ ወይ ትክሰስህ።"

ስለ ኢቃማ አልጠየቀም። እኔም አላስታወስኩትም። ሐጅ አሳክማለሁ ብሎ ፈረመ።

"ምን አለ?" አለችኝ ዘሊካ። "ለምንድነው ወዳንተ የጠቆመው?"

ሶስት ውሸት ቶሎ መጣልኝ፣ ሶስቱም የሚያምር። እሷ እጇን እንደ ሕፃን ታቅፋ ታየኛለች። ወዲያ ብዞር ሐጅ፣ ወዲህ ብዞር እሷ።

"በመብራቱ ነገር አናድጄ ያስማልኩት እኔ ነኝ። እሱን ነው የሚናገረው" አልኳት። "እውነቱን ነው።"

"ለምን?"

"ለሳቅ።"

ሐጅንና እኔን አፈራርቃ አየችን። ከዚያ፣ "እጄን እሱ ያሳክም" አለች። "ስራዬን አንተ ትጠብቅልኛለህ። ነገ ጠዋት ማንሺያ፣ እስክድን።"

"እት ዘሊካ፣ ወንድ እኮ ነኝ።"

"ወለሉ አይጠይቅህም።"

እጇ በጀሶ ታሰረ። ሐጅ ስለ መሐላው ሼኩ ጋ ሄደ፤ ሼኩ ሚስትህ አትፈታም፣ አስር ሚስኪን አብላና መብራትህን አብራ አሉት። ሐጅ ሚስኪን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፣ ፎቁን ጠራን። ዘሊካን ሲት ሉጥፊያ ራሷ እያጎረሰች አበላቻት፣ ባሏን ግን ቀና ብላ አላየችውም። በማግስቱ ደረጃው በራ።

እኔ ማንሺያ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ሲት ናስራ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ "አንተ ደግሞ ማነህ?" አለች። "ዘሊካ ነኝ፣ ለጊዜው" አልኳት። ባልዲ ሰጠችኝ። ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው መሰለኝ ስራው ተመቸኝ፤ ወለሉን ጨርሼ መስኮቱን፣ መስኮቱን ጨርሼ ምንጣፉን አራግፋለሁ።

ትላንት ማታ ልወጣ ስል ሴትዮዋ ጠራችኝና፣ "ወላሂ ከሷ አንተ ትሻላለህ፣ ለምን አንተው አትቀርም?" አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዘሊካ ጀሶው ሊፈታ ገና ሶስት ሳምንት ይቀረዋል።

ዛሬ ጠዋት አውቄ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ነገ ሳህን ነው።